«ቦርዱ ነው ተባልኩ»፦ ውሃ በዝግታ ስለሚያስገባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን አለኝ። 5 ዓመት ሠርቷል። ድሮ ውሃ አስገብቶ መዞር ለመጀመር ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። አሁን 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንዳንዴም መሃል ላይ ቆሞ የስህተት ምልክት ያሳያል። የወጥ ቤታችን ቧንቧ ግን ውሃው ኃይለኛ ነው። መጥቶ ያየው ባለሙያ ቦርዱ ተበላሽቷል፣ ይቀየር አለኝ። ላስቀይረው?»

አያስቀይሩት። ቢያንስ አንድ ባልዲ ይዘው ከታች ያለውን ሳይሞክሩ ገንዘብዎን አያውጡ።

ይህን የምለው ባለሙያውን ለማጣጣል አይደለም፤ ማሽኑን ቆሜ አላየሁትም። ግን የቦርዱን፣ ማለት ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሥራ ያስቡት። ውሃን በተመለከተ ቦርዱ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለውሃ ማስገቢያው ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ለሚከፈተው የውሃ በር) ኤሌክትሪክ መስጠትና መከልከል። «ሩቡን ክፈት»፣ «ቀስ ብለህ አስገባ» የሚል ትእዛዝ የለውም። ስለዚህ ቦርድ ሲበላሽ ውሃው ጨርሶ እምቢ ይላል፣ ወይም አልቆምም ይላል። የእርስዎ ማሽን ግን ውሃ እያስገባ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ቫልቩም ተከፍቷል። የጎደለው ውሃው የሚያልፍበት መንገድ ነው። እኔ ስልክ ሲደወልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ጨርሶ አይገባም ወይስ ቀስ እያለ ይገባል?» የሚለውን ነው። ጨርሶ ካልገባ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዤ እሄዳለሁ፤ ቀስ እያለ ከገባ ባልዲና ፒንሳ። ለዚህ አንድ የተለየ ሁኔታ አለ፣ እሱን ወደኋላ አመጣዋለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላጥራ፤ ምንም ያልሆነ ማሽን ለማየት ተጠርቼ ስለማውቅ ነው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ውሃውን አንዴ ሞልቶ አይገላገልም። ትንሽ ያስገባል፣ ልብሱን ያገላብጣል፣ ልብሱ ውሃውን ሲጠጣው ደረጃው ይወርዳል፣ እንደገና ይጨምራል። ፎጣና ብርድ ልብስ ከታጨቀበት ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። አዳዲሶቹ ደግሞ ውሃ ቆጣቢ ስለሆኑ በመስታወቱ ሲያዩት ውሃ ያለ አይመስልም። ይህ ጤነኛ ነው። የእርስዎ ግን ድሮ ያልነበረ መዘግየት ነው፤ በዚያ ላይ ምልክት አለው። እውነተኛ ችግር ነው።

የትኛው ምልክት እንደሆነ አልጻፉልኝም። በሳምሰንግ 4ሲ ወይም 4ኢ፣ በኤልጂ አይኢ፣ በቦሽ ኢ17፣ በኢንዴሲት ኤች2ኦ የሚል ከሆነ ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «በተሰጠኝ ጊዜ ውስጥ ውሃው የምፈልገው ደረጃ ላይ አልደረሰም»። ማሽኑ ውሃ ማስገባት ሲጀምር ሰዓት ይይዛል፤ ጊዜው ካለፈ ያቆማል። ነገሩን ካሰቡት ምልክቱ ቦርዱ በትክክል እየቆጠረ መሆኑን ነው የሚመሰክረው። የሞተ ቦርድ እንዲህ አያማርርም።

እንግዲህ ወደ ባልዲው። «የወጥ ቤቱ ቧንቧ ኃይለኛ ነው» ብለዋል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ስለ ማሽኑ ቧንቧ ምንም አይነግርዎትም። ማሽኑ የሚጠጣው ከግድግዳው ሥር ካለችው፣ ማሽኑ ከተገጠመ ወዲህ ማንም ነክቷት ከማያውቅ ትንሽ ቧንቧ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ትንሿን ቧንቧ ይዝጉ፤ ውሃውን ወደ ማሽኑ የሚወስደውን ጎማ ከቧንቧው በኩል ይፍቱ፤ 10 ሊትር ባልዲ ከሥር ያድርጉና እስከ መጨረሻው ከፍተው በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ቢያንስ በደቂቃ 8 ሊትር ይጠይቃሉ፤ ያ ማለት ባልዲው በ75 ሰከንድ መሙላት አለበት። በእኔ ልምድ ማሽኑ እስከ 2 ደቂቃ ድረስ ብዙም ሳያጉረመርም ይታገሳል። 4 ደቂቃ ካለፈ ማሽኑን ይተዉት፤ በሽታው እሱ ውስጥ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የውሃ ጉልበትና የውሃ ብዛት አንድ አይደሉም። የቧንቧን አፍ በአውራ ጣት ቢይዙት ውሃው ራቅ ብሎ ይረጫል፤ ባልዲ ውስጥ የሚገባው ግን ይቀንሳል። ማሽኑ የሚሞላው በብዛቱ ነው። ስለዚህ «ሲረጭ ኃይለኛ ነው» የሚለውን ትተው ባልዲውን ይመኑ። ሙከራውንም ብዙውን ጊዜ በሚያጥቡበት ሰዓት ያድርጉት፤ ሌሊት የሚሞላ ባልዲ ጠዋት ሰው ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ላይሞላ ይችላል።

ባልዲው በዝግታ ከሞላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያቺው ትንሽ ቧንቧ ናት። አንዳንዴ እጀታዋ እየዞረ ውስጡ ያለው መዝጊያ ከዘንጉ ተላቆ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ይገኛል፤ ከውጭ ሲያዩዋት ሙሉ በሙሉ የተከፈተች ይመስላል። ዓመታት ሳትነካ የቆየች ደግሞ ውስጧን ነጭ የኖራ ቅርፊት ይሞላዋል። ሁለቱም ጥገና የላቸውም፤ ቧንቧዋ ትቀየራለች፣ አለቀ።

ባልዲው በደንብ ከሞላ ጎማውን ከቧንቧው ጋር መልሰው ይግጠሙና አሁን በማሽኑ በኩል ያለውን ጫፍ ይፍቱ። ያንን ጫፍ ባልዲው ውስጥ ይዘው እንደገና ሰዓት ይያዙ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ትልቅ ልዩነት ካለ ጥፋተኛው ጎማው ነው። ቀላሉ፣ ማሽኑ ለጽዳት ወጥቶ ሲመለስ ጎማው ከግድግዳው ጋር ተጨፍልቆ መታጠፉ ነው። ከባዱ በዓይን አይታይም፦ የቆየ ጎማ የውስጥ ሽፋኑ ተላቆ እንደ ምላስ ይንጠለጠላል፣ ውሃ ሲመጣ መንገዱን ይዘጋል። እንዲህ ያለው ጎማ ከውጭ ሲነኩት ደህና ነው። ለዚህ ነው በእጅ ዳሰው ሳይሆን በባልዲ ለክተው እንዲያምኑ የምለው።

ጎማዎ በቧንቧው በኩል ጠብደል ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ካለው፣ እሱ ጎማ ቢፈነዳ ውሃውን የሚዘጋ መከላከያ ነው። አንዳንዱ ትንሽ መስኮት አለው፤ መስኮቷ ቀይ ከሆነች መከላከያው ዘግቷል ማለት ነው፤ ያኔ ውሃ በዝግታ ሳይሆን ጨርሶ አይገባም። አደራ የምለው ግን ይህን ዓይነቱን ጎማ እንዳይቆርጡ ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ እስከ ሳጥኑ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ።

ጎማውም ደህና ከሆነ አሁን ወደ እውነተኛው ተጠርጣሪ ደረስን። ጎማውን ከፈቱበት ከማሽኑ ጀርባ፣ ጥርስ ባለው የፕላስቲክ አፍ ውስጥ በባትሪ ይመልከቱ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ክብ ወንፊት አለ፤ መሃሉ ላይ የምትያዝ ትንሽ ጆሮ አለችው። በፒንሳ ጆሮዋን ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ አይጠምዝዙ። ሲወጣ ብዙ ጊዜ «ንጹሕ ነው» ይባላል፤ ምክንያቱም ትልልቁ ቆሻሻ ሲጎተት ይራገፋል። ወደ ብርሃን አንስተው በውስጡ ይመልከቱ። ጤነኛ ወንፊት ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የታመመው ጭጋግ የመሰለ ነገር ለብሶ ብርሃን በጥቂት ነጥቦች ብቻ ያሳልፋል። ከአሥር ቀዳዳ ዘጠኙ ተዘግተው ማሽኑ በቀረው እየጠጣ ይኖራል፤ ቀስ በቀስ ስለሚዘጋ ባለቤቱ ለወራት አያስተውለውም። ውስጡ የማገኘው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ የዝገት ቅንጣት፣ ደቃቅ አሸዋ፣ ነጭ የኖራ ፍርፋሪ። አንድ ጊዜ ነጭ ለስላሳ ክር ተጠቅልሎበት አገኘሁ፤ ከማሽኑ ያልመጣ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ጥርስ ላይ አብዝቶ የጠመጠመው ቴፍሎን ተበጣጥሶ የደረሰ ነበር። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው የደፈረሰ ውሃም ጭነቱን የሚያራግፈው እዚሁ ወንፊት ላይ ነው። ማሽኑ መዘግየት የጀመረው ውሃ ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ከሆነ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ወንፊቱን ያውጡ።

አጸዳዱ ቀላል ነው። በአቼቶ ወይም ሞቅ ባለ ውሃ በተሟሟ ሲትሪክ አሲድ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለት ውሃው ከሚሄድበት ተቃራኒ አቅጣጫ ይፍቁት። በመርፌ አይውጉት፤ የሰፋ ቀዳዳ ወንፊት አይደለም። በቧንቧው በኩል ባለው የጎማ ማሰሪያ ውስጥ በላስቲኩ ላይ ሁለተኛ ወንፊት ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳና «አጸድቼ ነበር፣ አልተሻለውም» ይላል። ማሽንዎ ሁለት ጎማ፣ የሞቀና የቀዘቀዘ፣ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አፍ ይዩ። ሙቅ ውሃ ኖራ ስለሚያራግፍ የሙቁ ወንፊት ቶሎ ይደፈናል። የሙቁ ቧንቧ ተዘግቶ በ40 ዲግሪ የሚያጥብ ሰውም «ማሽኔ ውሃ ዘገየ» ብሎ ያውቃል።

ወንፊቱን አውጥቶ ስለመጣል አንድ ልበል፤ ምክሩን ብዙ ጊዜ ስለምሰማው። እውነት ነው፣ ወንፊቱን ሲጥሉት ማሽኑ ወዲያው ይሞላል። አንድ ደንበኛዬ ይህን አድርጎ ለሁለት ሳምንት ያህል ተደሰተ። ከዚያ አንድ ሌሊት ማሽኑ ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ውሃ ሲያስገባ አደረ፤ ጠዋት ቤቱ ረጥቧል። ቫልቩን ስፈታው ከሰሊጥ የማትበልጥ አንዲት የአሸዋ ጠጠር ከላስቲኩ ሥር ተቀምጣለች። ይህች ጠጠር ያንን ሁሉ ውሃ እንዴት እንዳሳለፈች ለመረዳት ቫልቩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የእርስዎ ወንፊት ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ካልተፈታም የሚቀጥለው ማረፊያችን እሱው ስለሆነ ልግለጸው።

ቫልቩ ውስጥ ውሃውን የሚዘጋው እንደ ሳንቲም የተዘረጋ ላስቲክ ነው። ከጠርዙ በኩል ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም የማትሰፋ ቀዳዳ አለችው። ኤሌክትሪክ በሌለ ጊዜ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ሾልኮ ወደ ላስቲኩ ጀርባ ይሄድና በራሱ ግፊት ላስቲኩን አፉ ላይ ይጫነዋል። ማለትም ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው በዋናነት የውሃው የራሱ ግፊት ነው፤ ውስጡ ያለችው ደካማ ስፕሪንግ ትንሽ የብረት ዘንግ ገፍታ በላስቲኩ መሃል ላይ ያለውን ሌላ ቀዳዳ ከመክደን በላይ ሥራ የላትም። ቦርዱ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ኮይሉ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅል) ያችን ትንሽ የብረት ዘንግ ይስባል፣ የመሃሉ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ከጀርባ ያለው ውሃ ይወጣል፤ ከፊት ያለው ግፊት ላስቲኩን አንስቶ ያልፋል። ጠጠር ከሥሩ ከገባ ላስቲኩ አፉ ላይ አይቀመጥም፤ ውሃው ኤሌክትሪክ ኖረም አልኖረም ይፈሳል። ወንፊቱ ያለው ለዚህ ነው። ማጽዳት ከሰለቸዎ ከቧንቧው ቀጥሎ ተከፍቶ የሚታጠብ ማጣሪያ ያስገጥሙ እንጂ የማሽኑን አይጣሉት።

ከዚሁ አሠራር ሌላም ነገር ይገለጥልናል። ላስቲኩን የሚያነሳው የውሃው ግፊት ከሆነ፣ ግፊት ሲያንስ ላስቲኩ በቅጡ አይነሳም። አብዛኞቹ ማሽኖች ከ0.3 ወይም ከ0.5 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ጀምሮ እስከ 8 ወይም 10 ባር ድረስ ይሠራሉ። ውሃው ከጣሪያ ታንከር በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣል። ታንከሩ ከማሽኑ በላይ 3 ሜትር ላይ ከሆነ ያለዎት 0.3 ባር ነው፤ ከእሱም ላይ በቀጭን ቱቦና በክርን መገጣጠሚያዎች የሚባክነው ይቀነሳል። እንዲህ ባለ ቤት ወንፊት ቢያጸዱ፣ ቫልቭ ቢቀይሩ፣ ቦርድ ቢቀይሩ ለውጥ የለም። መፍትሔው ወይ ታንከሩን ከፍ ማድረግ፣ ወይ ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሳ አነስተኛ የግፊት ፓምፕ፣ ወይ ለዝቅተኛ ግፊት ተብሎ የተሠራ ቫልቭ ነው። እኔ ፓምፑን እመርጣለሁ፤ ሻወሩንም አብሮ ስለሚጠቅም።

ቫልቩ ጉሮሮ ውስጥ ፍሰቱን የምትመጥን ቀለበት የመሰለች ላስቲክም አለች። ግፊት ባነሰበት ቤት አውጥተው የሚጥሏት ሠራተኞች አሉ፤ ጥቂት ይረዳል። ግፊቱ በተመለሰ ቀን ግን ውሃው በሳሙና መሳቢያው በኩል ወደ ውጭ ይፈሳል። ለእኔ አያዋጣም።

ቫልቩን ከመፍታትዎ በፊት ግን ሁለት ደቂቃ የምትፈጅ፣ እኔ በጣም የምወዳት ሙከራ አለች። ሁሉንም መልሰው ገጥመው ማሽኑን ሶኬት ላይ ይሰኩት። መደበኛውን አጠባ ያስጀምሩና የሳሙና መሳቢያውን በጥቂቱ ሳብ አድርገው ውሃው ከላይ ሲወርድ ይዩ። ከዚያ አቁመው ቅድመ አጠባ ያለበትን ፕሮግራም ያስጀምሩና በሌላኛው ጉድጓድ የሚወርደውን ይዩ። በአብዛኞቹ ማሽኖች እነዚህ ሁለቱ የሚመጡት አንድ አፍ ካለው ግን ሁለት ኮይልና ሁለት ላስቲክ ካለው ቫልቭ ነው። ስለዚህ ሁለቱም እኩል ከቀጠኑ ችግሩ ከመገንጠያው በፊት ነው፤ ወደ ቧንቧው፣ ጎማውና ወንፊቱ ይመለሱ። አንዱ ጎርፎ ሌላኛው ከተንጠባጠበ ውሃው እስከ ቫልቩ በደህና ደርሷል ማለት ነው፤ የታመመው የዚያኛው ወገን ላስቲክ ወይም ኮይል ነው። ወይም ደግሞ ከመሳቢያው በላይ ያሉት ቀዳዳዎች በደረቀ ሳሙና ተደፍነዋል። እሱን መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ጣሪያውን በጣትዎ ሲዳስሱት ያውቁታል፤ እንደ ጭቃ የሚያዳልጥ ነገር ካለ በብሩሽና በሙቅ ውሃ ይለቃል።

ቫልቩን በቴስተር መለካት የሚችል ሰው ካለዎት፣ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ጤነኛ ኮይል በ220 ቮልት ማሽኖች ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ያህል ያሳያል። የሁለቱ ኮይሎች ንባብ ተቀራራቢ መሆኑ ከቁጥሩ ይበልጥ ይጠቅማል። ይህ ልኬት ግን ስለ ላስቲኩ ምንም አይናገርም። ኮይሉ ደህና ሆኖ ላስቲኩ በዕድሜ የደረቀ ቫልቭ ብዙ ነው። ፈቶ ማደሱ ደግሞ ትርፍ የለውም፤ ቫልቩ እንዳለ ይቀየራል፤ ከቦርድ በእጅጉ የቀለለ ዕቃ ነው።

ወደኋላ አመጣዋለሁ ያልኩት የተለየ ሁኔታ የመብራት ኃይል ማነስ ነው። ቮልቴጁ በጣም ሲወርድ ኮይሉ ዘንጓን ለመሳብ አቅም ያጣል፤ «ዝዝዝ» እያለ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃውም ይቆራረጣል። ማሽኑ ቀን ቀን ደህና ሆኖ ሁሉም ሰው ምድጃ በሚለኩስበት ምሽት ላይ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ያስለኩ። ይህ አንድ ጊዜ ለግማሽ ቀን አድክሞኛል፤ ባልዲው ሞላ፣ ወንፊቱ ንጹሕ ነበር፣ ቫልቩም አዲስ ነበር።

በመጨረሻ፣ ውሃው በደንብ እየገባ ማሽኑ «አልሞላሁም» የሚልበት ነገር አለ፤ ባለቤቱ ሲያየው ከዝግታ ጋር አንድ ነው። የፍሳሽ ጎማው ጫፍ ወለል ላይ ወርዶ ከተቀመጠ፣ ውሃው ሲገባ በዚያው እየተሳበ ይወጣል። ፓምፑ ሳይጮህ በፍሳሹ በኩል ውሃ እየፈሰሰ እንደሆነ ጠጋ ብለው ያዳምጡ። ብዙ አምራቾች የፍሳሹ ጎማ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲታሰር ይጠይቃሉ። ጎማው ፍሳሹ ውስጥ አጥብቆ ተወትፎ አየር ካጣም ያው ነው፤ ትንሽ ክፍተት ይተዉለት።

እንግዲህ ከነገሩኝ ስነሳ፣ 5 ዓመት የሠራ ማሽን፣ ድሮ ያልነበረ መዘግየት፣ ኃይለኛ የወጥ ቤት ቧንቧ፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ እጄን የምሰደው ወደ ወንፊቱ ነው፣ ቀጥሎ ወደ ትንሿ ቧንቧ። ሁሉንም ፈትሸው ምንም ካልተገኘና ባለሙያውን መልሰው ከጠሩት፣ ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሞላና ቅድመ አጠባው ከዋናው እንዴት እንደተለየ ይንገሩት። ሁለቱን ሰምቶ አሁንም ቦርድ ካለ፣ ምን ለክቶ እንደደረሰበት ይጠይቁት።

ጎማውን መልሰው ሲያስሩ ላስቲኩ በቦታው መኖሩን ይዩ፤ በእጅዎ እስኪጠብቅ ያዙሩ፣ ከዚያ በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። የማሽኑ በኩል ያለው ጥርስ ፕላስቲክ ነው፤ ከጠነከሩበት ይሰነጠቃል። ቧንቧውን ከፍተው 10 ደቂቃ ይጠብቁና መገጣጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ዙሪያውን ይጥረጉ። ሶፍቱ ካልረጠበ ማሽኑን ወደ ቦታው ይግፉት፣ ጎማው እንዳይታጠፍ በዓይንዎ እየተከተሉ።